ስምሽን ከነአያትሽ፣ በአንድ ትንፋሽ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ገና ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ አንድ ጎረቤቴ በራፌ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እኔ እምልህ፣ ያቺ ነጭ ነጭ ፍሬ፣ የአስሟ መድኃኒት፣ እውነት ታድናለች?» አለኝ። እንዴት አደርክ የለ፣ ደህና ነህ የለ! ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ስለዚህች ፍሬ ጮሄ ጮሄ ድምፄ አልቆ፣ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አልብሶ፣ አጨብጭቦ ሸኝቶኝ፣ ሰውየው እንደ አዲስ ከሀ ሊያስጀምረኝ መጣ። «አታድንም!» አልኩት። «እሺ፣ አትቆጣ እንጂ» አለኝ። ሰው ዕድሜ ልኬን የሚለኝ ይህንኑ ነው። እንግዲያው አንዴ ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ «ሂድና አንብብ» ልበለው ብዬ ተቀመጥኩ።

ነርስ ነበርኩ። በኋላ ተምሬ ጤና መኮንን ሆንኩ፤ ደመወዙ እምብዛም ፈቅ አላለም፣ የሚሞላው ቅጽ ግን በረከተ። ሥራ የጀመርኩት መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ነው፤ ከዚያ ራቤል፣ በመጨረሻ መሐል ሜዳ። ሦስቱም ጋ ብርዱ አንድ ነው። ብርድ ባለበት ደግሞ ሰውና በግ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፣ ኩበት ይጨሳል፣ በር ይዘጋል። በዚያ ላይ የመንዝ ሰው በእጁ የበግ ጠጉር አያጣም፤ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠራበታል። ብናኙ በጸሐይ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ ታየዋለህ። ጭሱ፣ ብናኙ፣ ብርዱ፣ የገብሱ አቧራ፤ አስም ያለበትን ሰው ለማፈን ከዚህ በላይ ምን ይደገሳል?

ዘመሮ ላይ የተቀበሉኝ ሲስተር የሺ ነበሩ። አጭር ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን ከጋውናቸው በላይ አደግድገው ነው የሚሠሩት። ማዳመጫ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ግን መጀመሪያ የሚያዳምጡት በባዶ ጆሯቸው ነው። በሽተኛ ገና ከደጅ ሲገባ፣ «ስምህን ከነአባትህ ከነአያትህ ንገረኝ፣ በአንድ ትንፋሽ» ይሉታል። እኔ ሞኙ ለካርድ መስሎኝ እስክሪብቶ ይዤ እሽቀዳደም ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እስክሪብቶህን ተወውና ስማ» አሉኝ አንድ ቀን። «ሦስቱንም ሳያርፍ የጠራ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ። አባቱ ስም ላይ የቆመ፣ አሁኑኑ መድኃኒት ይሳብ። የገዛ ስሙ ላይ የቆመ እንደሆነ ካርድ ምናምን ሳትል ሩጥ!»

እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ መለኪያ አላየሁም። የዚህ አገር ሰው ደግሞ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ነው፤ የአያቱን ስም ረስቶ የሚቆም የለም። ከቆመ ያቆመው ትንፋሹ ነው።

ሌላም ነገር ነበራቸው። መርፌ ሲወጉ «ያማል» ይላሉ። ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ ያማል። እኔ ለማባበል «አያምም፣ አያምም» ስል ሰምተው ውጭ ጠርተው ልክ ልኬን ነገሩኝ። «ዛሬ በመርፌው ከዋሸኸው ነገ በኪኒኑ አያምንህም። ሰው አንዴ ነው የሚታለልልህ።» በዚህ በኩል ግትር ነበሩ። መድኃኒት ሲጠፋም «የለም» ይላሉ እንጂ «ነገ ና» እያሉ ሰው አያመላልሱም።

መድኃኒት መሳቢያዋን፣ እኛ ፓፍ የምንላትን፣ በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ መስጠትንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሽቦ በእሳት ታግላለህ፣ የጠርሙሱን ቂጥ በፓፏ አፍ ልክ ትበሳለህ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጋለህ። በሽተኛው የጠርሙሱን አንገት ጎርሶ ቀስ እያለ ይስባል። እንዲህ ካልሆነ ገበሬው ፓፏን አፉ ላይ ይጫንና መድኃኒቱ ሁሉ ምላሱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ «ምንም አልሠራልኝ» ብሎ አጥር ላይ ይሰቅላታል። ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ አየር ያስገባል፣ ከጠበበ ፓፏ ትሰበራለች። ስንቱን ጠርሙስ አበላሽቼ ነው እጄ የገባው።

ራቤል ላይ የነበረው አለቃዬ ሪፖርት ወዳድ ነበር፤ ብዙ አልልም። በሽተኛ እያዳመጥኩ ሳለ «ስንት ሆነ?» እያለ በመስኮት ይጠይቀኛል። መድኃኒት ሲያልቅ ግን ስንት ወር እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ፓፍ አንድ ሰሞን ይጎርፋል፣ ከዚያ ድራሹ ይጠፋል። ሰውን «አታቋርጥ» ብለህ ትመክረዋለህ፣ ሲመጣ ደግሞ «አልቋል» ትለዋለህ። ሲስተር የሺ ቢሰሙኝ ምን ይሉኝ ነበር እያልኩ እርር ድብን እላለሁ።

መሐል ሜዳ ስዛወር ደግሞ ሳምሶን ጠበቀኝ።

ሳምሶን ከከተማ የመጣ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ «ሆሚዮፓቲ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ሆሚዮፓቲ ምንድን ነው ቢሉት እንዲህ ነው የሚለው፦ ጤነኛን ሰው የሚያሳምም ነገር፣ እጅግ በጣም ቀጥኖ ሲሰጥ ያንኑ ሕመም ያድናል። ሽንኩርት ዓይንና አፍንጫ ያስለቅሳል አይደል? እንግዲያው ለጉንፋን የቀጠነ ሽንኩርት። በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ይበረታል! እኔም ይህን የሰማሁ ዕለት «አንድ ጭልፋ ወጥ ጀማ ወንዝ ውስጥ ደፍተህ፣ ሱዳን ወርደህ ውሃውን ጠጣና ጠገብኩ በላ!» ብዬው ነበር። እሱ ፈገግ አለ። ይኸው ነው ችግሬ፤ ሰውየው አይቆጣም።

ስለ አስም ያለው ደግሞ የባሰ ነበር። «ጋሼ፣ አስም የሳንባ በሽታ እኮ አይደለም» አለኝ። «ቆዳ ላይ የወጣ ችፌ በቅባት ሲታፈን ወደ ውስጥ ይገባና ሳንባ ላይ ያርፋል። ሐዘንም ሲታፈን እንዲሁ ነው። እናንተ በፓፍ ይበልጥ ታፍኑታላችሁ፤ እኔ አስወጣዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። የሚያናድደው ደግሞ ጫፉ እውነት መምሰሉ ነው። ችፌ ያለበት ሰው አስምም ሊይዘው ይችላል፤ ሁለቱ ከአንድ ዓይነት አፈጣጠር የሚመጡ ወንድማማቾች ናቸው። ወንድምየው ከቤት ስለ ተባረረ አይደለም ሁለተኛው የሚመጣው! ግን ለማን ትነግረዋለህ? የኛ ሰው እንደሆነ ድሮም «ሽፍታ ሲወጣ ዝም በለው፣ ከተነካ ወደ ውስጥ ይገባል» እያለ ነው ያደገው። ሳምሶን የተናገረው የገዛ እናታቸው ስትል የሰሙትን ነው። እኔ ሳንባ፣ ቧንቧ፣ እብጠት እያልኩ ስዘበዝብ ሰው ዓይኑ ይፈዛል።

አንድ ነገር ልመስክርለት፤ ሰው ያዳምጣል። አንዱን ሰው አስቀምጦ ምን ያስፈራሃል፣ ምን ሕልም ታያለህ፣ ጣፋጭ ትወዳለህ ወይስ ጨው፣ ብሎ ረጅም ሰዓት ይጠይቀዋል። እኛ ጋ ወረፋው በር ጥሶ ወጥቷል፤ በሽተኛው ቁልፉን ፈቶ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ገብቷል። ሰውየው ለጨዋታው ቢያስከፍል አልፈርድበትም ነበር።

ሁለት ነገር ግን ፈጽሞ አልምረውም። አንደኛ፣ «መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር መጀመሪያ ያባብሳል፤ አትደንግጡ፣ በሽታው እየወጣ ነው» ይላል። ሁለተኛ፣ «ቡና ከጠጣችሁ መድኃኒቱ ይሽራል» ይላል። የመንዝን ሰው ቡና አትጠጣ! ሰውየው ዳነም የሳምሶን ነው፣ ሳይድን ቀረም የቡናው ነው።

ጋሽ ደምሴ ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለ መንደር የሚኖሩ ባና ሠሪ ነበሩ። እጃቸው የተመሰገነ፣ ሳቂታ ሽማግሌ። ከኔ ዘንድ ፓፍ ይወስዱ ነበር፣ ደህናም ነበሩ። ከዚያ ፓፍ እንደ ልማዱ ጠፋ። እሳቸውም ሳምሶን ጋ ሄዱ። ፓፉ ተመልሶ ሲገባ ሰው ብልክባቸው «እሱን ትቻለሁ፣ ሱስ ያስይዛል አሉ» ብለው መለሱልኝ። ገበያ ላይ ስንገናኝ በሰው ፊት ጮህኩባቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ልክ ነህ ልጄ» አሉኝ፣ ሄዱ። ልክ ነህ ተብሎ እንደ መናቅ የሚያንገበግብ ነገር አላውቅም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጎንበስ ብዬ «ጋሽ ደምሴ፣ ስምዎን ከነአባትዎ» አልኳቸው። «ደም…» አሉ፣ «…ሴ»። የአባታቸው ስም አልመጣም። ሮጥኩ። ኦክስጅን፣ ፓፍ በጠርሙስ፣ መርፌ፤ ያለንን ሁሉ አደረግን። እጄ ላይ አለፉ።

ልጃቸው አስካለ ቃሬዛው አጠገብ ቆማ ነበር። ጠጉር ፈታይ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ እሷም አስም አለባት። «ምነው ሳትዘገዩ ብታመጧቸው?» አልኳት። ያለችኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ሲብሳቸው እኮ ደስ ብሎን ነበር። እየወጣላቸው ነው ተብለን።»

ከዚህ በኋላ ማን ወደ ሳምሶን ይሄዳል ትላላችሁ? አስካለ! ሳምሶን ለቅሶ ደርሶ፣ አልቅሶ፣ በመጨረሻ «አባባ ቡና ጠጥተው ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እንዴታ፣ ጠጥተዋል። በቃ፣ ጥፋቱ ተገኘ። እሷም ልጅ ሳለች ክንዷ ላይ ችፌ ነበረባት፣ ቅባት ተቀብታ ጠፍቶላታል፤ ያ የታፈነው ነው ተባለች። በዚያ ላይ የአባቷ ሐዘን። ሁለት የታፈነ ነገር! ፓፏን ትታ፣ ቡናዋን ትታ፣ ነጯን ፍሬ ከምላሷ ሥር ማድረግ ጀመረች። መንደሯ ድረስ ሄድኩ። በጎቹን ከቤት አስወጪ፣ ጠጉሩን ደጅ ላይ ንደፊ፣ አፍንጫሽን በሻሽ ሸፍኚ አልኳት፤ ይህን ሁሉ እሺ አለች። ፍሬውን ተይ ስላት ዝም። የጀማን ወንዝ ነገርኳት፣ ዝም። ጮህኩ፣ ዝም። ከልጆቿ ትንሿ ጩኸቴን ፈርታ ከኋላዋ ተሸሸገች። እያፏጨ የሚወጣው ትንፋሿ ከደጅ ይሰማ ነበር፤ አባቷ የሄዱበትን መንገድ ስትሄድ ቆሜ እያየሁ ተናድጄ ተመለስኩ።

ሁዳዴ ገባ። ከበሽተኞቼ አንዱ የፍሬውን ብልቃጥ ይዞ መጥቶ ሳገላብጠው ላዩ ላይ «ላክቶስ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። ፍሬዋ የወተት ስኳር ናት! እልል ማለት ነው የቀረኝ። በሚቀጥለው ገበያ አስካለን አገኘኋትና «ለመሆኑ በሁዳዴ ወተት መላስ ጀመርሽ?» አልኳት። ደነገጠች። ብልቃጡን አሳየኋት፣ አነበብኩላት። ወዲያው የራሷን ብልቃጥ ከመቀነቷ አውጥታ እዚያው መሬት ላይ ደፋችው።

እሑድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ወሬው ተዳረሰ። በሚቀጥለው ገበያ የሳምሶን በር ላይ ዝንብ እንኳ አልነበረም። ጮቤ ረገጥኩ! ግን ደግሞ አንጀቴ አረረ። «ምንም የለበትም» ብዬ ስንት ዘመን ስጮህ የሰማኝ የለም፤ «ወተት አለበት» ስል አገር ሰማኝ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው? ቢሆንም ከተሳካልኝ ምን ገዶኝ፣ አልኩ።

ገና ሁዳዴው ሳይጋመስ፣ ፍሬውን ትታ ወደ ፓፏ ግን ያልተመለሰችውን አስካለን ባሏ ደግፎ አመጣት። ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል። «ስምሽን ከነአባትሽ ከነአያትሽ» አልኳት። «አስካለ» አለች። ቆመች። ሮጥኩ።

ኦክስጅን ሰጠናት፣ ፓፏን በጠርሙስ ደጋግሜ አሳብኳት። ትንሽ መለስ ስትል እብጠቱን የሚያበርደውን ኪኒን አቀረብኩላት። በእጇ ያዘችው፣ አየችው። ነጭ ነው፣ ክብ ነው።

«ይሄስ… ወተት… የለበትም?»

ክው አልኩ። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥቼ ዘረጋሁ። የፓፏንም አየሁ፤ እሷ የለባትም። ኪኒኑ ግን፣ ከታች በደቃቁ፣ ላክቶስ። አለበት! የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ራሴ ገባሁ። «የለበትም» ብል ማን ያውቃል? ፈረንጅኛ ማንበብ አትችል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሲስተር የሺ ነጠላቸውን አደግድገው ከኋላዬ የቆሙ መሰለኝ።

«አለበት» አልኳት። «ትንሽ፣ ማያያዣ ያህል።»

ኪኒኑን መልሳ መዳፌ ላይ አኖረችው። «ከፋሲካ… በኋላ» አለች።

«ፋሲካን የት አባትሽ ታገኚዋለሽ!» ብዬ ጮህኩ። ባሏ «ኧረ ጋሼ!» አለኝ። ይህንም እኔው ነኝ ያመጣሁት፤ ባልጮህ በምን ልተንፍስ?

ባሏን የነፍስ አባቷን እንዲጠራ ላክሁት። አባ ገብረ ሥላሴ ቅርብ ነበሩ፣ ወዲያው ደረሱ። መስቀላቸውን አሳልመዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ነገሩን አስረዳኋቸው። አሰብ እንኳ ሳያደርጉ «ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አያስገድፍም። ዋጪ፣ ልጄ» አሉ። ተመስገን፣ አልኩ። ውሃ ስቀዳ ግን አባ ወደኔ ዞር አሉ።

«እንግዲህ የዚያ የሳምሶንም ቢሆን ይፈቀዳል ማለት ነዋ። እሱም ለመድኃኒት ነው የሚሰጠው። ሰውን አላግባብ አስደንግጠኻል።»

ውሃው ከብርጭቆው አልፎ ፈሰሰ። ስንት የለፋሁበትን ነገር በአንድ አፍ ናዱት! ደግሞም ልክ ናቸው። ወተቱ ኃጢአት ካልሆነ ለኔ ኪኒን ብቻ አይደለም። ምን ልበላቸው? አሁን ቁጭ ብዬ ስለ ሽንኩርትና ስለ መቅጠን ለቄስ ላስረዳ? ለመጮህ አፌን ስከፍት አስካለ እጇን አነሣች።

«አባ» አለች። አረፈች። «በዚህኛው… ወተቱም… መድኃኒቱም አለ።» አረፈች። «በዚያኛው… ወተቱ ብቻ ነው። እንደ… ጀማው ወጥ።»

አባ ምን ወጥ ብለው ወደኔ ተመለከቱ። እኔ እሷን አየሁ።

«ሰምተሽኝ ነበር?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ውሃውን ተቀበለችኝ፣ ኪኒኑን ዋጠች። ከዚያ እንደ ምንም ትንፋሿን ሰብስባ «እርስዎ ይቆጣሉ» አለች። «እሱ… አባቴ ሲሞት… አብሮኝ አለቀሰ። እርስዎ… ምነው ዘገያችሁ… አሉኝ።»

አልተቆጣሁም፣ ማለቴ መቆጣትም አልቻልኩም። አባቷ እጄ ላይ ሲያልፉ እኔም ውስጤ ተቃጥሎ ነበር፤ ግን ቁጣዬን እንጂ ሐዘኔን ያየልኝ ሰው የለም፤ አላሳየሁማ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ጋሽ ደምሴን እወዳቸው ነበር» አልኳት። «የሠሩት ባና እስከ ዛሬ አልጋዬ ላይ ነው።»

ቀኑ እየዋለ ሲሄድ ትከሻዋ መውጣት መውረዱን ቀነሰ። ፉጨቱ ሳሳ። አሥር ጊዜ ያዳመጥኳትን ጀርባዋን አሁንም አዳመጥኩና ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቅሁ። «በይ እስቲ፣ ስምሽን ከነአባትሽ ከነአያትሽ» አልኳት።

«አስካለ ደምሴ…» አለች። የአባቷ ስም ላይ ስትደርስ የኔው ትንፋሽ ቆመ። እሷ ግን አልቆመችም። «…ወልዴ» አለች፣ በአንድ ትንፋሽ።

ሳምሶን ዛሬም ክፍሉን አልለቀቀም። ፋሲካ ሲያልፍ ደንበኞቹ ግማሽ በግማሽ ተመለሱ፤ ጎረቤቴም ይኸው ደጄ ላይ ቆሞ ይጠይቀኛል። ፓፍም እንደ ድሮው አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። እኔም ይኸው ጡረታ ወጥቼም እናደዳለሁ።

አስካለ ገበያ ስትወርድ በደጄ ታልፋለች። አትገባም፣ ሥራ አለባት። ከአጥሩ ውጭ ቆማ፣ ፈትሏን በጀርባዋ እንደ ተሸከመች፣ ደህና ዋሉ በማለት ፈንታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አስካለ ደምሴ ወልዴ ይፍሩ ተክሌ በዛብህ ማሞ!» ትላለች፣ ሳታርፍ። ከዚያ ትስቅና «እርስዎስ? ዛሬ ማንን ተቆጡ?» ትለኛለች። በሬን ከፍቼ እወጣለሁ። «ማንንም» እላታለሁ፤ እሷ ግን አታምነኝም።